ጨልሟል የተባለው ስክሪን

አርቮ ሌቲነን የሌላውን ንግግር የሚያስጨርስ ሰው አልነበረም። ሰውን እንኳ ለይሉኝታ ብሎ አንዳንዴ ይታገሠዋል፤ ኮምፒውተሩን ግን ገና ትንፍሽ ሲል አፍ አፉን ይለዋል። አርቮ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እየለቀመ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም አለው፤ እሱና መሰሎቹ በአጭሩ «አንባቢው» ይሉታል። የአርቮ አንባቢ የሚያወራው ምጣድ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ እየተንጣጣ ነው፤ ዓይናማ ሰው አጠገቡ ቢቆም አንዲት ቃል አይለይም። ለአርቮ ግን ይሄም ቀርፋፋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ከሰማ የቀረውን ያውቀዋል፤ ቢያንስ የሚያውቀው ይመስለዋል። የግራ ትንሿን ጣቱን ኮንትሮል ቁልፍ ላይ ጣል ሲያደርጋት አንባቢው ቃሉን አፉ ውስጥ እንደያዘ ጸጥ ይላል። እንዲህ ቸኩሎ የት ሊደርስ እንደሆነ እንጃለት። በዱሉት፣ በዚያች የሰሜን አሜሪካ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ በበረዷማው ክረምት ማንም የትም አይደርስም።

ሥራው በከተማዋ የዓይነ ስውራን ማኅበር ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ማንሣት ነበር። ኮምፒውተሩ ድንገት ድዳ የሆነበት፣ አንባቢው አንዲት ቃል ላይ ሙጭጭ ያለበት፣ አዲስ ማሻሻያ ጭኖ ነገሩ ሁሉ የተተራመሰበት ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነው። አርቮም ከወንበሩ ሳይነሣ ከዚያኛው ሰው ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ እዚያ ማዶ የሚናገረውን አንባቢ በራሱ ጆሮ እየሰማ፣ በራሱ ጣት ያስተካክለዋል። ጎበዝ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ክፋቱ ጎበዝ መሆኑን ማወቁ ነበር። ለደወለለት ሁሉ ከጥገናው ጋር አንድ ምክር ይመርቅለታል፦ ዓይን አትበደሩ። ማሽኑ የነገራችሁን ለማረጋገጥ ብላችሁ ዓይናማ ጎረቤት አትጥሩ፤ ዛሬ ስክሪን ያየላችሁ ሰው ነገ ፖስታችሁን ይከፍትላችኋል፣ ከነገ ወዲያ ሥጋችሁን ሳሕን ላይ ይቆራርጥላችኋል ይላቸዋል። ሰዉም ይህን ይወድለት ነበር። አንገት ቀና ያደርጋላ!

ከሁሉም አብልጣ የወደደችለት ቨርና ነበረች። ቨርና ዓይኗ የጠፋው ልጆች አሳድጋ ከጨረሰች በኋላ ነው። የቤት ማሞቂያ ጋዝ በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ስልክ ትመልሳለች፣ ትእዛዝ ትመዘግባለች። ዓይኗ እያለም እዚያው ነበረች፤ ከጠፋ በኋላ አለቃዋ ዴል ወንበርሽ ያንቺው ነው ስላላት ተመለሰች። ግን የተመለሰችበት ቢሮ ትታው የሄደችው ቢሮ አልሆን አላት። ጆሊን የምትባለው የሥራ ባልደረባዋ፣ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት፣ ቨርና ከወንበር በተነሣች ቁጥር ክንዷን አፈፍ አድርጋ ትጎትታታለች፤ ስታናግራት ጆሮዋም አብሮ የጠፋ ይመስል ትጮኽባታለች። ዴል ደግሞ ቨርና እዚያው ተቀምጣ ሳለ «ቨርና ምሳ በላች?» ብሎ ጆሊንን ይጠይቃል። እነዚህን ሁሉ ትችላቸው ነበር። ያልቻለችው አንድ የገና ግብዣ ላይ የሆነውን ነው። አዲስ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ፣ ከሁሉ ጋር ስትስቅ፣ ፎቶ ስትነሣ ውላ ቤቷ ገባች፤ ልታወልቀው ስትል ስፌቱ እጇ ላይ መጣ። ያ ሁሉ ሰው አይቷታል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ጠጋ ብሎ አልነገራትም። አርቮ ይህን ታሪክ ከራሷ አፍ ሰምቶታል። መገልበጡ አይደለም ያንገበገበኝ፣ ዝም መባሌ ነው ብላ ስታለቅስ ስልኩን ይዞ ዝም ብሎ ሰምቷታል።

ማኅበሩ ውስጥ የምሳ ሰዓት ቡድን የሚባል ነገር ነበራቸው። በየሥራ ቦታው ያሉት ዓይነ ስውራን ምሳቸውን እየበሉ በኮምፒውተር ይጻጻፋሉ፤ ቡድኑን የሚመራው አርቮ ነው። እዚያ ዓይናማዎቹን እንደ ልብ ያሟቸዋል። አንዱ የታክሲ ሹፌሩን ያነሣል፣ አንዷ ምራቷን። ቨርና የጻፈቻቸው ግን የሚያስቁም የሚያስለቅሱም ነበሩ። ጆሊን እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፋች እንደምትወስዳት ጻፈች። አንድ ቀን ወንዶች መጸዳጃ ቤት ገብታ ይቅርታ ስትጠይቅ የተናገረችው ለግድግዳ እንደነበር ጻፈች። ልጇ ኩርቲስ ከአዲስ ጓደኞቹ ጋር ሊያስተዋውቃት እንደሚያፍርባት ጻፈች። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለንስሐ አባቱም አይነግርም። እሷ የጻፈችው ማንም እንደማያየው ስለምታውቅ ነው፤ ማንም እንደማያየው ያወቀችው ደግሞ አርቮ ስለነገራት ነው።

እንዴት እንደነገራት ይኸው። በመከር ላይ የቨርና ኮምፒውተር አንድ ማሻሻያ ጭኖ አንባቢው ዝም አለ። ደወለች። አርቮ ያለ ድምፅ በተረከባት ማሽን ላይ በልምድ እየዳበሰ አንባቢውን ከሥሩ ነቀለው፣ እንደ አዲስ ጫነው፤ ድምፁም መጣ። ቨርና በደስታ ልትሞት ደረሰች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አርቮ፣ ስክሪኑስ?» አለችው። «ባለጉዳይ የሚቀመጠው እኮ ከጀርባዬ ነው። የምጽፈውን እንዳያዩብኝ ስክሪኑን ጨለማ አድርገህልኝ ነበር። አሁንም ጨለማ ነው?»

አልነበረም። አንባቢው እንደ አዲስ ሲጫን የድሮው ቅንብር አብሮ ጠፍቷል። ችግር የለውም፤ ንባቡን ሳያቋርጥ ስክሪኑን ብቻ የሚያጨልም አንድ ቁልፍ አለ። አርቮ ቁልፏን ነካት፤ አንባቢውም «ስክሪኑ ጨልሟል» ብሎ ሊቀጥል ሲል የአርቮ ትንሿ ጣት አፉን ዘጋችው።

«ጨልሟል» አላት።

«ጆሊንን ልጥራትና ትየው እንዴ? እዚሁ ናት።»

«ቨርና፣ ማሽኑ ተናግሯል፣ እኔም ነግሬሻለሁ። ከዚህ በላይ የማን ዓይን ነው የምትፈልጊው?»

ቨርና አፈረች። ይቅርታ አለችው፣ ገና አልለመድኩትም አለችው። አርቮም ትለምጂዋለሽ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ያን ቀን ደስ ብሎት ነው የዋለው።

ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ በረዶ መያዝ ሲጀምር ቨርና ቡድኑ ውስጥ የምሥራች መጻፍ ጀመረች። ጆሊን ክንዴን መጎተት ተወች አለች። በሌላ ቀን ደግሞ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ ሰው አናገረችኝ አለች። ዴል ምሳ መብላቴን ራሴን ጠየቀኝ አለች። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ በጣት የሚዳሰስ ምልክት ተለጥፎ አገኘች። ምንም አልጠየቅኳቸውም፣ አንተ እንዳልከኝ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ማንንም ሳልለማመጥ ሥራዬን ብቻ ሠራሁ፤ እነሱ ራሳቸው ተማሩ አለች። ቡድኑ በደስታ ፈነደቀ። አርቮማ ደረቱ ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም። ለአዲስ ደዋይ ሁሉ የቨርናን ታሪክ ይነግር ጀመር። ማኅበሩም በፀደይ በሚያደርገው ዓመታዊ የምሳ ግብዣ ላይ ቨርና ተነሥታ እንድትናገር ጋበዛት። ጆሊንንና ዴልን ይዤ እመጣለሁ፣ ሲመሰገኑ ይስሙት አለች።

ግብዣው ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ዕለት ቨርና ደወለች። አንባቢው እየተንተባተበ፣ ቃል እየጎተተ አስቸግሯታል፤ ኮምፒውተሩም ያዘዘችውን የሚሰማው ቆይቶ ነው። አርቮ እንደ ልማዱ ገባ። የተጨናነቀውን አጸዳላት፣ አላስፈላጊውን ዘጋላት። መሀል ላይ ከልማድ ይሁን ከምን፣ ያቺን ስክሪን የምታጨልም ቁልፍ ነካት። አንባቢው «ስክሪኑ ጨልሟል» አለ። የአርቮ ጣት ኮንትሮልን ተጫነች። ማሽኑ ግን ገና እየተጎተተ ስለነበረ አልሰማውም፤ አፉ ሳይዘጋ ቀጠለ።

«ስክሪኑ ጨልሟል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ብቻ። ሁልጊዜ እንዲጨልም ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ።»

አርቮ በድን ሆነ። አሁን ጨለመ ካለ፣ እስካሁን በርቶ ነበር ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ?  ኮምፒውተሩን ማታ ማታ ታጠፊዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ቨርናም ጆሊን ናት አለች፣ ዴል ስለ መብራት ወጪ ስለሚያማርር ስትወጣ ሁሉንም ከግድግዳው ትነቅለዋለች አለች። በየማታው ማለት ነው። በየጠዋቱ ደግሞ ስክሪኑ ወለል ብሎ ይበራል። ክንድ ጎታቿ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ፣ የኩርቲስ እፍረት፣ ያ ሁሉ ጉድ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ለጋዝ ገዢው ሁሉ ሲታይ ከረመ ማለት ነው። የተማሩት አንገቷን ቀና ስላደረገች አልነበረም። አንብበው ነው።

 አርቮ በጣቱ ቁልፏን ደጋገማት፤ አንባቢውንም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስጨረሰው። ስክሪኑ ሁልጊዜ ጨለማ ይሆናል አለው።

«ምነው ዝም አልክ? ሁሉም ደህና ነው?» አለች ቨርና።

«ሁሉም ደህና ነው» አላት።

አይ አርቮ! እዚያው፣ ያኔውኑ ቢነግራት ምን ነበረበት? ያንን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ውሎ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ቨርና ሐኪም ቤት እንደምትሄድ ያውቃልና ወደ ቢሮዋ ደወለ። ጆሊን አነሣች። ስሙን ሲነግራት ትናንት ስክሪኑ ሲጨልም አንድ ሰው ማወቁ ገብቶኝ ነበር አለችው፤ እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ገምቻለሁ አለችው። ድምፅዋ ቨርና እንደምታወራላት ዓይነት ጯሂ አልነበረም፤ የፈራች ልጅ ድምፅ ነበር።

ሁሉንም ዘረዘረችለት። መጀመሪያ ያየችው የራሷን ስም ነው። ስለ ጋሪው ስታነብ ሆን ብላ እንዳነብ የተወችው መስሎኝ ተናድጄ ነበር፣ ኋላ ግን አለማወቋ ሲገባኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ አለች። ደግ የሆነች መስሏት እንጂ እንደዚያ እንደምትጎዳት አላወቀችም። ዴልም አንብቧል። ወንበሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሽማግሌዎችም አንብበዋል፤ አንዳንዱማ ለማንበብ ብሎ ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር። አንዴ ጆሊን የስክሪኑን ማብሪያ አጥፍታው ነበር። ከዚያ ራሷ መልሳ አበራችው፤ ቨርና አሁንም ትጠላኝ ይሆን ወይስ ተሻሽላለች ትለኝ ይሆን የሚለውን የማውቅበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም አለች።

«ለምን አልነገርሻትም?» አላት አርቮ። ቁጣው ከየት መጣ? በጆሊን ላይ ለመቆጣት እሱ ማን ነው?

«በመጀመሪያው ቀን ልነግራት ነበር» አለች። «ምን ብዬ ልጀምር? ከዚያ ሳምንት አለፈ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ እስካሁን የት ነበርሽ እባላለሁ። እርስዎስ ትናንት ሲያውቁ ነገሯት?»

 ጆሊን ለመነችው። አሁን ጨልሟል፣ አልቋል፤ ቨርና እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ንግግሯን ታድርግ፣ እናጨብጭብላት፣ ምን ትጎዳለች አለችው። ስልኩን ሲዘጋ አርቮ ልቡ በከፊል ቀለል ብሎት ነበር። ለዚያ ቀለል ላለው ልቡም አፈረ።

ጉዳዩን ሲያገላብጠው ዋለ። ቢነግራት ቅስሟ ይሰበራል፤ ያገኘችው ክብር ሁሉ ከእጇ ላይ ይበናል። ባይነግራት ግን ቅዳሜ ዕለት ሰው ፊት ትቆማለች፤ ራሴን ችዬ አስተማርኳቸው ስትል እነዚያ ያነበቧት ሰዎች ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ይሰሟታል። ያችው የገና ሹራብ ናት እኮ! ገልብጣ ለብሳ ልትቆም ነው፣ የሚያውቀው ሁሉ ዝም ሊላት ነው፤ ከዝምተኞቹም ቀዳሚው እሱ ሊሆን ነው። ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቀዋል። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለራሱም ለመናገር ይቀፈው ነበር። ቢነግራት የማን ዓይን ነው የምትፈልጊው ያላት ቀን ትነሣለች። ጆሊንን ልጥራ ብላው ነበር። ጆሊን እዚያው ነበረች። አንድ ጊዜ ዞር ብላ ብታይ ኖሮ ነገሩ ሁሉ አይፈጠርም ነበር። የቨርና መሰበር ብቻ ቢሆን ምናልባት ይነግራት ነበር፤ ያሰረው የራሱ መዋረድ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ቆርጦ ደወለላት። ቨርና ስልኩን ያነሣችው ወዲያው ነው፤ ድምፅዋ ግን ዝግ ያለ ነበር። «እሺ አርቮ» አለችው፤ ከዚያ ምንም ሳትጨምር ጠበቀችው።  ስለ ነገው ነው አለ። «እሺ» አለች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማይክ ደካማ ነው፣ አፍሽ ድረስ አስጠግተሽ ያዢው አላት።  «ለዚህ ነው የደወልከው?» አለችው። ለዚህ ነው አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ቆየ።

የቅዳሜው ግብዣ በሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። የዱር ሩዝ ሾርባው ሽታ ያውዳል፣ ነጫጭ በትሮቹ በየወንበሩ ሥር ይንኳኳሉ፣ መሪ ውሾቹ ከጠረጴዛ ሥር ሆነው ያዛጋሉ። አርቮ ወንበሩን ሲያገኝ ቨርና ከጎኑ ተቀምጣ ደረሰ። ከአንተ ጎን አድርጉኝ ብዬ ነው አለችው። ጆሊንና ዴል ከፊት ለፊታቸው ነበሩ። ጆሊን ሰላም ስትለው እጇ ቀዝቃዛ ነበር። አርቮ ሾርባው አልወርድ አለው። ቨርና ግን በላች፤ ዳቦ አቀበለችው፤ ስለ በረዶው መቅለጥ፣ ሐይቁ ሲከፈት ስለምትመጣው የመጀመሪያዋ መርከብ ጡሩንባ አወራች። ከዚያ ሳሕኖቹ ሲነሡ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«አርቮ፣ ከመነሣቴ በፊት የምትነግረኝ ነገር አለ?»

 ይኸው በሩ ተከፍቷል። አንድ ቃል ብቻ፣ «ስክሪኑ» ቢል ይበቃው ነበር። 

«ማይኩን አትርሺ» አላት።

ሩባርብ በሚባል ጎምዛዛ ግንድ የተሞላው ጣፋጭ፣ ፓይ የሚሉት፣ ቀረበ። ሊቀመንበሩ ስሟን ከመጥራቱ በፊት እንደገና ጠጋ አለች፤ «ሌላስ?» አለችው። ሌላ የለም አላት። «እሺ» ብላ ተነሣች፤ በበትሯ ወንበሮቹን እየነካች ወደ ፊት ሄደች።

በደንብ ተናገረች፤ እንዲያውም አሳምራ። ስለ ጋሪው ስትነግራቸው አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ለግድግዳ ይቅርታ የጠየቀችበትን ስትነግራቸው ጠረጴዛ የደበደበም ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አንድ ቀን ስክሪኔ ጨለማ መሆኑን ባልደረባዬን ጠርቼ ላረጋግጥ ስል አርቮ ከዚህ በላይ የማን ዓይን ነው የምትፈልጊው አለኝ አለች። በራሴ አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አልጠየቅኩም፤ የአርቮ ቃል በቂዬ ነበር፤ ስጽፍም ስሠራም ማንም እንደማያየኝ ሆኜ በነፃነት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ሁላችሁም ሰምታችኋል አለች። ጭብጨባው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። አርቮ ከፊት ለፊቱ የጆሊንን ጭብጨባ ሲጠብቅ ቆየ፤ አልሰማውም። እሱ ራሱ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ቨርና ተመልሳ ወንበሯ ላይ አረፈች። 

«ሹራቤን ገልብጬው ይሆን?» አለችው በዝግታ።

አርቮ ደነገጠ። እኔ በምን አይቼ አላት።

«እሱስ እውነትህን ነው። ስክሪኑን ግን ከረቡዕ ጀምሮ ታውቅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የነገረችው ሁሉ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር፤ ምነው በጮኸች እስኪል ድረስ። ዓርብ ጠዋት ከደንበኞቹ አንዱ፣ ሽማግሌው ኦርቪል፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ስክሪንሽ ተበላሽቷል መሰለኝ ብሏታል፤ ሁልጊዜ ጽሑፍ ነበረበት፣ አሁን ጥቁር ሆኗል ብሏታል። እሷም ጆሊንን ጠራቻት። ጆሊን ሁሉንም ነገረቻት። አርቮ ረቡዕ ዕለት እንዳወቀ፣ ሐሙስም ደውሎ እንደነበር ጭምር። ሁለቱም ቢሮውን ዘግተው ተላቀሱ።

«እየተንቀጠቀጠች ነው የነገረችኝ» አለች ቨርና። «ግን ነገረችኝ። ከሰዓት አንተ ስትደውል ደግሞ ይኸው አርቮም ሊነግረኝ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ማይክ አልከኝ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ተነሥተሽ ተናገርሽ?» አላት።

«ልጠብቅህ ብዬ ነው። ሳልነሣ ጠየቅሁህ፣ ፓይ ስንበላ ጠየቅሁህ። እዚያ ቆሜም ስምህን ስጠራ፣ አሁን ይነሣል፣ ቨርና ተይ፣ በቃ ይላል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።» እጇን ፈልጋ ክንዱ ላይ አሳረፈችው፤ ወዲያው መልሳ አነሣችው። «ሰውን ሁሉ ታቋርጣለህ አርቮ። በሕይወትህ አንድ ቀን ሰው አስጨረስክ፤ እሱም ዛሬ ሆነ።»

አርቮ ይቅርታ የሚለውን ቃል ሲፈልግ እሷ ተነሥታ ነበር። ጆሊንን ጠራቻትና ክንድሽን ስጪኝ፣ ውጪ ደረጃው በረዶ አያጣም አለቻት። ደግሞ አለባበሷ ደህና እንደሆነ ጠየቀቻት። ጆሊንም ደህና ነው፣ አንገትጌሽ ላይ ግን ትንሽ ፓይ አለ አለቻት፤ ጠረገችላትም። ሁለቱ እያወሩ ወደ በሩ ሲሄዱ አርቮ እርምጃቸውን እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠ።

አዳራሹ እየተነሣ ነው፤ ወንበር ይጎተታል፣ ኮት ይፈለጋል። አንድ ከባድ እጅ የአርቮን ትከሻ ያዘ። መርል ነበር፤ ከማኅበሩ አንጋፋዎች አንዱ፣ ወሬ ከጀመረ የማይጨርስ፣ አርቮ በሌላ ቀን ቢሆን በሁለት ቃል የሚሸኘው ሰው። መርል እንኳን ደስ አለህ አለው። ቨርና ስለ አንተ የተናገረችውን ሰማህ አይደል አለው። የአርቮ ቃል በቂዬ ነበር ማለቷን፣ ለአዲሶቹ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ይህ መሆኑን፣ እሱም ነገ ለወንድሙ ልጅ እንደሚነግረው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ደገመለት። አርቮ አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ መርል እስኪጨርስ ድረስ ሰማው።